አጎበሩን አንሺው

ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው፣ ሌላውም አንባቢ አብሮን እንዲሄድ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምትኖሪው። ከግቢሽ የሎሚ ዛፍ ላይ ከትንሿ ጣትሽ የማትበልጥ አረንጓዴ ማንቲስ፣ ያቺን የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ ሌሎች ነፍሳትን የምታድነውን፣ ይዘሽ ክዳኑ በተበሳ የማር ጠርሙስ ውስጥ አኖርሻት። እንቁላል ጣለች። ከወር በኋላ ሠላሳ ስምንት ግልገል ወጣ። ሠላሳ አምስቱን ወደ ባልዲ አዛውረሽ አፉን በአጎበር ቁራጭ አሰርሽው። ሦስቱን ደግሞ ልጅሽ «የኔ ናቸው» ብሎ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አስገብቶ በሻሽ ሸፈናቸው። በሦስተኛው ቀን የባልዲዎቹ አለቁ። የልጅሽ ሦስቱ አሁንም አሉ፣ አንዷ ግን ቆዳ ስትቀይር ወድቃ እግሯ ተጣሟል። እናትየዋ ደግሞ ወንድ አጠገቧ ሳይደርስ ሁለተኛ እንቁላል ጥላለች። ምን አጠፋሁ? ሁለተኛው ይፈለፈላል? ወንድ ባመጣላት አትበላውም ወይ? ይሄ ነው ጥያቄው።

ድሬ ነንና አንቱታውን ትተን በቀጥታ ልንገርሽ። ልጅሽ ከአንቺ የተሻለ አርቢ ሆኖ አይደለም። ያው ክፍል፣ ያው ምግብ፣ ያው ውሃ ነው። የተለየው ክዳኑ ብቻ ነው። የገደላቸው አጎበሩ ነው።

ጤና ጣቢያ የሚታደለው አጎበር ዝም ብሎ መረብ አይደለም። ክሩ ራሱ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን የሆነ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አለበት። ሃያ ጊዜ ታጥቦም፣ ሦስት ዓመት ተሰቅሎም እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚመረተው። ስለዚህ «አሮጌ ነው፣ ታጥቧል» የሚለው አያዋጣም። እኛን በዚያ መጠን አይጎዳንም። የነፍሳትን ነርቭ ግን ይመታል፣ ትንኝ ትሁን ማንቲስ አይመርጥም። አሁን ማንቲስ የት እንደምትውል አስቢ። መሬት ላይ አይደለም። ክዳኑን በእግሮቿ ይዛ፣ ተገልብጣ፣ ተንጠልጥላ ነው ቀኑን የምትገፋው። እና አራት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ግልገል ሌት ተቀን መርዝ ያለበት ክር ጨብጣ ኖራለች ማለት ነው። ደብዳቤሽ ላይ «መጀመሪያ ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ በጀርባቸው ወድቀው እግራቸውን አወራጩ» ብለሻል። ይሄ ረሃብ አይደለም። የተራበች ግልገል ትደክማለች፣ ትደርቃለች እንጂ እንዲህ አትወራጭም።

አይክፋሽ፣ እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለገሀሬ ተከራይቼ በነበረ ጊዜ አስራ አንድ ማንቲስ ነበሩኝ፣ ሁሉም ለአቅመ ሔዋን ሊደርሱ አንድ ቆዳ የቀራቸው። አንድ ምሽት ኮሪደሩ ላይ የበረሮ መድኃኒት ተነፋ። የኔ በር ዝግ ነበር። በበሩ ሥር የገባችው ትንሽ ሽታ በቃች። ጠዋት አስሩ ወለል ላይ ነበሩ። የትንኝ ጥቅልል ጭስም ያው ነው፣ አብዛኛው ውስጥ ያለው ያው መርዝ ነው። ዕጣን ስታጨሺም ጠርሙሶቹን ወደ ሌላ ክፍል ውሰጃቸው። ዕጣኑ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጭስ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ማንንም አይጠቅምም ብዬ ነው።

ባልዲውን ለልብስ ማጠቢያ አድርጊው፣ ለማንቲስ አትመልሺው። ለክዳን ከልብስ ሰፊ ቱል ለምኚ። የቬሎ ትርፍራፊ በነጻ ይሰጡሻል። ከመጠቀምሽ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቢው። ከፋርማሲ የሚገዛ ሻሽም ጥሩ ነው፣ የልጅሽን ያዳነው እሱ ነው። አጎበሩ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ የምታስገቢላቸው ትንንሽ ዝንቦች ሾልከው ይወጣሉ። አጎበሩ አልጋሽ ላይ ይሰቀል።

አሁን ወደ ምግቡ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ክዳኑን ብታስተካክዪም የሚቀጥለውን ፍልፍል እዚሁ ጋ ነው የምታጪው። ሰው ማንቲስ አረባለሁ ብሎ ይጀምራል። የሚያረባው ግን ዝንብ ነው። ማንቲሷ ሙሉ ቤት ውስጥ የምትመጣ እንግዳ ናት። ግልገሎቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው ከእንቁላሉ ቋት (ብዙ እንቁላል አንድ ላይ ከያዘው የደረቀ አረፋ) የሚወጡት፤ አንዱ ቀን ለመድረቅና ለመጠንከር ይበቃቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይርባቸዋል፣ አንቺ ያን ቀን ዝንብ ፍለጋ ብትወጪ አልቋል። ዝንቡ ከሁለት ሳምንት በፊት ተጀምሮ መጠበቅ አለበት።

ከፊራ ገበያ ሂጂና ጠቁሮ ገዢ ያጣ ሙዝ ግዢ። በሹካ ፍጪው። ከዳቦ እርሾ አንድ ቁንጥር ጣል አድርጊበት። ከጠርሙስ ሥር ሁለት ጣት ያህል አድርገሽ ላዩ ላይ የተጨማደደ ወረቀት አኑሪ፣ ትሎቹ ወጥተው ሙሽ ሆነው ወደ ዝንብነት የሚለወጡት እዚያ ላይ ነው። ክፍቱን አንድ ቀን ወጥ ቤት ተዪው። ዓይናቸው ቀላ ያለ ትንንሽ ዝንቦች ሳይጠሩ ይመጣሉ። ሃያ ሠላሳ ሲገቡ በሻሽ እሰሪ። በ25 ዲግሪ አካባቢ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ አዲሱ ትውልድ ይወጣል። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጠርሙስ ጀምሪ። አንዱ ሲሻግት ሌላው ይተካል።

እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ጣልቃ ይገባል። ማንቲሷ ሙቀት ትወዳለች፣ ዝንቧ ግን እንደሷ አትችልም። 30 ዲግሪ አልፎ በሚቆይ ሙቀት ያደጉ ወንድ ዝንቦች መካን ይሆናሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጠርሙሱ በዝንብ ተሞልቶ አይተሽ ደስ ይልሻል፣ ቀጣዩ ትውልድ ግን አይመጣም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙዙን ነበር የምወቅሰው፣ ነጋዴዋንም ጭምር። መፍትሔው ቀላል ነው። የዝንቡን ጠርሙስ ወለል ላይ፣ ውሃ የያዘ እንስራ ካለሽ ከሥሩ አስጠግተሽ አስቀምጪው። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ በፍጹም አታድርጊው።

ዝንቦቹ ይበራሉ፣ ክዳን ስትከፍቺ ቤቱን ይሞሉታል። ጠርሙሱን ሦስት ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ደንዝዘው ሥሩ ይወድቃሉ፣ ቶሎ ብለሽ ወደ ግልገሎቹ ገልብጪ። ረጅም ጊዜ ግን አትርሺው።

ግልገሏ ሁለት ሦስቴ ቆዳ ከቀየረች በኋላ ይሄ ዝንብ ያንሳታል። ያኔ የቤት ዝንብ ነው። ፉርሽካ በወተት አርጥበሽ ከቤት ራቅ አድርገሽ ብታስቀምጪው በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ዝንብ አስር ቀን አይፈጅም። ሽታውን ግን አልዋሽሽም፣ ከጎረቤት ያጣላል። ሌላው አማራጭ ማታ የበረንዳ አምፑል ሥር የሚሰበሰቡ ትንንሽ የእሳት እራቶችን መልቀም ነው። ልጅሽ ይወደዋል። የምትሰጪያት ነገር ከራሷ ቁመት ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጉንዳን አትስጪ። ትነክሳለች፣ አሲድም አላት።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ገራባ (የተጣለ የጫት ትርፍራፊ) ላይ የሚያንዣብብ ዝንብ እንዳትይዢ። እዚህ አካባቢ ገራባ የሌለበት ጥግ የለም፣ ዝንቡም ይወደዋል፣ ለመያዝም ይቀላል። ጫቱ ግን ማሳ ላይ ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ይችላል። በዝንቧ በኩል የአጎበሩን ታሪክ ትደግሚዋለሽ።

ስንት ጊዜ ላብላት ትያለሽ። ሆዷን እይ። ጠፍጣፋ ከሆነ ርቧታል፣ ሞላ ካለ ተያት። ትንንሾቹን በየቀኑ፣ ትልቋን በሁለት በሦስት ቀን አንዴ። ከሁለተኛው ቆዳ በኋላ እያንዳንዷን ለብቻ አድርጊ። እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ዘመድ አያውቁም። የአስራ ሁለት ሃይላንድ ታች ግማሽ ቆርጠሽ ብትደረድሪ ይበቃል።

ስለ ወደቀችው ግልገል፣ ልጅሽ ተጨንቋል ብለሻል። ቆዳ ስትቀይር አይታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ሌሊት አብራችሁ አምሹ። ከአንድ ሁለት ቀን በፊት መብላት ታቆማለች። ዝንብ አጠገቧ ቢያልፍ እሷ ናት የምትሸሸው። ያኔ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከጠርሙሷ ይውጣ፣ በተለይ ፌንጣ፣ ለስላሳ ሆና ካገኛት እሱ ነው የሚበላት። ከዚያ ክዳኑን ይዛ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ከአንገቷ ጀርባ ስንጥቅ ይከፈታል። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ይወጣል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ እግር ከድሮው እግር ውስጥ ልክ ከጠባብ ካልሲ እንደሚወጣ ቀስ እያለ ይሳባል። መሐል ላይ የምትቆምበት ጊዜ አለ። በሆዷ ጫፍ ብቻ አሮጌው ቆዳ ላይ ተሰክታ፣ ስድስቱም እግሮቿ ወደ ታች ተንዘላዝለው፣ ሰውነቷ ነጣ ብሎ የሞተች ትመስላለች። እንዳትነኪያት። እግሯ እስኪጠነክር እየጠበቀች ነው። ከዚያ ባንዴ ወደ ላይ ትታጠፍና የራሷን አሮጌ ቆዳ ትይዛለች፣ ሆዷንም ታወጣለች።

ይሄ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። ጠርሙሱ ቁመቱ ከእሷ ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ይሁን። ክዳኑም የምትይዘው ሻካራ ነገር ያስፈልገዋል። የሻሹ ጥሩነት እዚህ ላይም አለ። ልጅሽ ግን ሃይላንዱን አጭር አድርጎ ቆርጦታል፣ ከሥሩ ቅጠልም ጨምሮበታል፤ ስትወርድ ቅጠሉን ነክታ ይሆናል የተጣመመችው። ሌላው ምክንያት ድርቀት ነው። አየሩ ሲደርቅ አሮጌው ቆዳ ይጣበቅባታል። ማታ ማታ የጠርሙሱን አንድ ጎን ትንሽ ውሃ ንፊበት፣ እስከ ጠዋት የሚደርቅ ያህል ብቻ። ጠብታውንም ትጠጣዋለች። የቧንቧችን ውሃ ምን ያህል ኖራ እንዳለው ማንቆርቆሪያሽ ይነግርሻል። መርጫውን ይደፍነዋል፣ ጠርሙሱንም ያነጣዋል፣ ስለዚህ የዝናብ ወይ የታሸገ ውሃ ይሻላል። ትርፍ ውሃ ግን በዕቃ አጠራቅመሽ እንዳትተዪ። በ2006 ዓ.ም. ከተማችንን ያመሰው ዴንጊ የሚመጣው በዚያ ዓይነት ውሃ ውስጥ ከሚፈለፈል ትንኝ ነው።

የተጣመመችው ገና ግልገል ስለሆነች ተስፋ አላት። መብላት ከቻለች በሚቀጥለው ቆዳ ልትቃና ትችላለች። እግሯ ቢቆረጥ እንኳ በሁለት ሦስት ቅያሪ መልሶ ይበቅላል። ከቻልሽ ዝንቡን ጨፍልቀሽ በጥርስ እንጨት ጫፍ ወደ አፏ አስጠጊላት። የማይታረመው የመጨረሻው ቅያሪ፣ ክንፍ የምታወጣበት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቆዳ የለም።

እናትየዋ። ሁለተኛው እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ ጥሩ ነው። ክንፍ አውጥታ ነው የያዝሻት፣ የመጀመሪያውም ተፈልፍሏል። ዛፉ ላይ እያለች ከወንድ ጋር ተገናኝታለች ማለት ነው፣ የወንዱን ዘር ደግሞ ለብዙ ቋት አስቀምጣ ትጠቀምበታለች። ከገለጻሽ ሚዮማንቲስ ከሚባለው የአፍሪካ ትንንሽ ማንቲሶች ወገን ትመስለኛለች። የደቡብ አፍሪካዋ ዘመዷ ሚዮማንቲስ ካፍራ ጭራሽ ያለ ወንድም የሚፈለፈል እንቁላል መጣል ትችላለች። በአንቺዋ ላይ ግን ያን አትተማመኚ። ወንድ ያላየች ሴት እንቁላል ትጥላለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው የሚሆነው።

የእንቁላሉን ቋት ስትጥለው አረፋ ነው፣ ወዲያው ይደርቃል። ካለበት አትላጪው። መንቀል ካለብሽ ከነእንጨቱ ቁረጪና በነበረበት አቅጣጫ አንጠልጥዪው። በሦስት በአራት ቀን አንዴ በስሱ ውሃ ንፊበት። ከአንዲት እናት የወሰድኩትን ሁለት ቋት አንዱን ድሬ አስቀርቼ ሌላውን ሐረር እህቴ ቤት አስቀምጬ ነበር። የድሬው በአምስተኛው ሳምንት ወጣ። እህቴ ግን «አቦ፣ ይሄ ድንጋይህን ልጣለው?» ስትል ስትል የሐረሩ በሦስተኛው ወር መባቻ ፈለፈለ። ሐረር ከድሬ በሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ያዘገየው ብርዱ ነው።

ወደፊት ከዛፍ ላይ ቋት ለቅመሽ የምታመጪ ከሆነ ደግሞ በደንብ እይው። አንዴ ከዚራ ሰፈር ካለ አጥር ላይ ያመጣሁት ቋት አንድ ጠዋት ፈለፈለ ብዬ ሮጥኩ። የወጡት ግን ብረት የሚመስል አረንጓዴ፣ ከኋላቸው ረጅም መርፌ የመሰለ ነገር የሚጎትቱ ጥቃቅን ተርቦች ነበሩ። ፖዳግሪዮን ይባላሉ። እንቁላላቸውን በዚያ መርፌ በቋቱ ውስጥ ይጥላሉ፣ ትላቸውም የማንቲሷን እንቁላል እየበላ ያድጋል። ጎኑ ላይ ክብ ክብ ትንንሽ ቀዳዳ ያለበት ቋት ከሆነ እነሱ ቀድመው ወጥተዋል፣ አትልፊበት።

አሁን ስለ ወንዱ። ሦስቱ ግልገሎች ወንድምና እህት ናቸው። አንድ ትውልድ ቢዳቀሉ ብዙ ጉዳት አታይም፣ ግን አዲስ ወንድ ማግኘት ይሻላል፣ ማግኘቱም ከባድ አይደለም። ወንዶች ማታ ይበራሉ፣ ወደ መብራትም ይመጣሉ። የደረሰች ሴት ካለችሽ ደግሞ ጠርሙሷን በቱል ሸፍነሽ ማታ መስኮት ላይ አስቀምጫት። ወንዱን በጠረኗ ነው የምትጠራው፣ ራሱ ሊመጣ ይችላል። የሌሊት ወፍ ካልቀደመው ነው። ብዙዎቹ ማንቲሶች ደረታቸው ሥር አንድ ጆሮ ብቻ አላቸው፣ የምትሰማውም እኛ የማንሰማውን የሌሊት ወፍ ጩኸት ነው። በበረራ ላይ ያን ከሰማ ቁልቁል ይወረወራል።

ወንድና ሴት ለመለየት ክንፍ አትይ፣ ሆዷን ከሥር ቁጠሪ። ወንድ ስምንት ክፍል አለው፣ ሴት ስድስት፣ የመጨረሻው ትልቅ ሆኖ። ወንዱ ቀጭን ነው፣ አንቴናውም ረጅም።

ትበላዋለች ወይ? ከራባት፣ አዎ። ከጠገበች ብዙ ጊዜ አትነካውም። ሴቲቱ የመጨረሻ ቆዳዋን ከቀየረች ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ሦስት ቀን ምግብ እስክትጠላ ድረስ አብያት። በዕለቱ ሰፋ ያለ ቦታ አድርጊያት፣ ትልቅ ዝንብ ስጫት፣ ዝንቡን ማኘክ ስትጀምር ወንዱን ከኋላዋ በእንጨት ልቀቂው። ከፊቷ እንዳታስቀምጪው! እሱ ያውቅበታል። ቆም ብሎ ግማሽ ሰዓት ያያታል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ነፋስ የነካው ቅጠል መስሎ ይወዛወዛል፣ ደግሞ ይቆማል። ከዚያ ዘሎ ጀርባዋ ላይ ይወጣል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ ቡናሽን አፍልተሽ ጠብቂ። ሲጨርስ ዘሎ ይወርዳል፣ የምትይዢበት ብርጭቆ እጅሽ ላይ ይሁን። አብሯት እንዲያድር ከተውሽው ጠዋት ክንፉን ብቻ ነው የምታገኚው።

ድፍረት ሲመጣልሽ «ኢዶሎማንቲስ ዲያቦሊካን ልያዝ» ማለትሽ አይቀርም፣ ፎቶዋን ያየ ሁሉ ይላል። የአውሮፓ ሰብሳቢዎች የሚጓጉላት ያቺ ትልቅ አበባ መሳይ የኛው የምሥራቅ አፍሪካ ናት። ግን ለጀማሪ አትሆንም፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ትንሽ ከሳተ ትሞታለች። የሎሚ ዛፍሽ ላይ ያለችው ትበቃሻለች።

አሁን ማድረግ ያለብሽ፦ ዛሬ ቱሉን አምጪ፣ ነገ ሙዙን ፍጪ። ሁለተኛው ቋት ከተጣለ ስንት ሳምንት እንደሆነው አልጻፍሽም። ሦስት ካለፈው ሙዙንም ዛሬ አድርጊው።